ልሂድ ወይስ ትምህርቴን ልጨርስ?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ለምትማሩ ክርስቲያን ወጣቶች የተሰናዳ ነው። ወላጆችና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ሬዲዮናችሁን አትዝጉ፤ ጉዳዩ እናንተንም በቀጥታ ይመለከታል።

ርእሳችን የሚስዮናዊነት ጥሪ ነው። አንድ ተማሪ ትምህርቱ መሐል ላይ ሳለ ወንጌል ወዳልደረሰበት አካባቢ ሄዶ የማገልገል ሸክም ቢያድርበት ምን ያድርግ? የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ነው፤ በጥሞና እንድትከታተሉኝ እጠይቃለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

በካምፓስ ኅብረት ውስጥ ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዓርብ ማታ የጸሎት ፕሮግራም አለ። ከጠረፍ አካባቢ የመጣ አንድ አገልጋይ ተነሥቶ ይመሰክራል፤ በእግሩ ስለሄደበት መንገድ፣ አልሰማ ስላለው ቋንቋ፣ በወባ ስለተኛበት ወር ይናገራል። በመጨረሻም "ማን ይሄዳል?" ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ያን ሌሊት ዶርሙ ገብቶ ቢጋደምም እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ቢገባም ልቡ እዚያው ጠረፍ ላይ ነው። "ሰው ሳይሰማ እየሞተ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ካልኩለስ የምቆጥረው ለምንድን ነው?" ይላል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይከተላል። አንዱ ተማሪ ማንንም ሳያማክር ሬጅስትራር ሄዶ የመልቀቂያ ቅጽ ይሞላል። ሌላው ደግሞ "ቤተሰቤ ምን ይለኛል? ምን በልቼ እኖራለሁ?" ብሎ ይፈራና ነገሩን አፍኖ ያልፈዋል፤ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ ከዓመታት በኋላ በጸጸት ያነሣዋል። የመጀመሪያው ቸኮለ፤ ሁለተኛው ሸሸ። ሁለቱም ጥሪውን ሳይመረምሩት ቀሩ።

ዛሬ ላስተላልፍላችሁ የምፈልገው መልእክት አንድ ነው። ጥሪ የተሰማችሁ ዕለት የዝግጅታችሁ የመጀመሪያ ቀን ነው። መማር፣ መጠበቅ፣ መመከርና በቅርብ ማገልገል የመታዘዝ ክፍል ናቸው፤ ከመታዘዝ በፊት የሚባክን ጊዜ አድርጋችሁ አትዩአቸው።

ይህን ከአገራችን ታሪክ ላሳያችሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በተባለ ስፍራ፣ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ሞቱበት። ገና ልጅ ሳለም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጠቁት፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠም በመጨረሻ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ፣ በምጽዋ የፈረንሳይን ቆንስላ ሥራ የሚሠራ የስዊስ ተወላጅ ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁ በ1872 ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ እየተባሉ የሚታወቁት እኚህ ሰው ናቸው።

በ1876 ስቶክሆልም ወዳለው ወደ ዮሐነሉንድ የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ ተላኩ። እስቲ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። ዕድሜያቸው ሃያ ገደማ ነው። የተወለዱበት አገር ሰው ወንጌልን በራሱ ቋንቋ አልሰማም። እሳቸው በልጅነታቸው ያለፉበት የባሪያ ገበያ ገና አልተዘጋም። እንዲህ ያለ ሸክም የተሸከመ ወጣት "ትምህርቱ ይቅርብኝ፣ ዛሬውኑ ልሂድ" ቢል ማን ይፈርድበታል? ኦኔሲሞስ ግን እስከ 1881 ድረስ አምስት ዓመት ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወገኖቼ ጋ ልሂድ ብለው የተነሡት።

መንገዱ ግን ዝግ ነበር። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ በዚያ ወቅት ሱዳን በማህዲስቶች ዐመፅ ትታመስ ስለነበር ከድንበሩ አካባቢ ለመመለስ ተገደዱ። ዓመታት ቆይተው በሸዋ በኩል ሞከሩ፤ እንጦጦ ድረስ ከዘለቁ በኋላ ተመለሱ ተባሉ። ጥሪው ከእግዚአብሔር ከሆነ በሩ ለምን አይከፈትም? ብዙ ተማሪዎች እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ተስፋ ይቆርጣሉ። አንድ ደብዳቤ ተጽፎ መልስ ሲጠፋ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ "እስቲ ቆይ" ሲል፣ "ጥሪዬ የራሴ ስሜት ነበር ማለት ነው" ብለው ይደመድማሉ።

ኦኔሲሞስ እንዲያ አላሉም። ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ እምኩሉ ተመልሰው ብዕር አነሡ። ሄጄ ልሰብክለት ያልቻልሁት ሕዝብ ቢያንስ የሚያነበው መጽሐፍ ይቆየው ብለው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የተወሰዱት በልጅነታቸው ነው። አንድ ልጅ በቋንቋው ምን ያህል ያውቃል? እናት ለልጇ የምትለውን ያውቃል፤ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ፣ ሴቶች ሲያለቅሱ፣ ገበሬዎች ሲመርቁ የሚሉትን ገና አልሰማም። ስለዚህ አምስት ዓመት የተማሩት ሰው ለዋናው ሥራ የሚያስፈልጋቸው ቋንቋ እንደሚያንሳቸው ተረዱ። ክፍተቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ናት። አስቴርም እንደ እሳቸው ለባርነት ተሽጣ፣ በ1886 ከሌሎች ኦሮሞ ልጆች ጋር ነጻ ወጥታ እምኩሉ የደረሰች ናት። በቋንቋዋ ስላደገች ቃላቱን፣ ተረቱን፣ ዘፈኑን አልረሳችም። በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት ሰብስባ አደራጀች። ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። አዲስ ኪዳን በ1893 ወጣ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅዱስ ክሪሾና በግእዝ ፊደል ታትሞ ወጣ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ በሩ በተዘጋባቸው ዓመታት የሠሩት ሥራ በሩ ቢከፈትላቸው ከሚሠሩት የሚያንስ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ጥሪ አለኝ የሚል ሰው የጎደለውን አምኖ ከታናሹ ሊማር ይገባዋል። ኦኔሲሞስ ያለ አስቴር ያን መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ ጥራት ማድረስ ይከብዳቸው ነበር።

ኦኔሲሞስ ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። ከዮሐነሉንድ ትምህርታቸውን ከጨረሱ 23 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሲደርሱ የመጀመሪያው ሰው እንኳ አልነበሩም፤ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የተባሉ የሐማሴን ሰው ቀድመዋቸው ቦጂ ገብተው ያስተምሩ ነበር። ከደረሱም በኋላ ክስ ቀርቦባቸው አዲስ አበባ ተጠርተዋል፤ ለዓመታት ከመስበክ ተከልክለው በማስተማር ሥራ ተወስነው ቆይተዋል። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1931 ድረስ ግን በወለጋ ካለችው ከነቀምት አልተነቀሉም። ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ 23 ዓመት አይቆይም፤ ክሱንም አያልፍም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ዝግጅታችን ቀጥሏል። አሁን ደግሞ ከኦኔሲሞስ በፊት ወደ ነበረ፣ ከአገራችን ወደ ራቀ ስፍራ ልውሰዳችሁ።

በ1806 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዊሊያምስ በተባለ ኮሌጅ አምስት ተማሪዎች ነሐሴ ወር ላይ ሜዳ ወጥተው ይጸልዩ ነበር። ነጎድጓድና ዝናብ ሲመጣባቸው በአንድ የድርቆሽ ክምር ተጠለሉ። እዚያው ሆነው ወንጌልን ወደ እስያ ስለማድረስ ተወያዩ፤ ጸለዩ። ከዚያ ጸሎት በተነሣው እንቅስቃሴ በ1810 የአሜሪካ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሚስዮን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1812ም የመጀመሪያዎቹ ሚስዮናውያን በመርከብ ወደ ሕንድ ተጓዙ።

ይህን ታሪክ በሚስዮን ኮንፈረንስ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን አምስቱ ተማሪዎች በኋላ ምን እንደሆኑ ነው። ጄምስ ሪቻርድስ ወደ ሲሎን፣ ዛሬ ስሪላንካ ወደምንላት አገር፣ ሄዶ አገለገለና እዚያው ሞተ። ከአምስቱ ሚስዮናዊ ሆኖ ባሕር ማዶ የኖረው እሱ ብቻ ነው። የስብስቡ መሪ ሳሙኤል ሚልስ በአገር ውስጥ ሆኖ ሌሎችን በማነሣሣትና በማደራጀት ሠራ፤ በ1818 ከምዕራብ አፍሪካ ጉዞ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞተ። ሁለቱ በአሜሪካ አጥቢያዎች መጋቢ ሆኑ። አምስተኛው ባይራም ግሪን የሕዝብ ተወካይ ሆኖ የአሜሪካ ምክር ቤት ገባ።

አራቱ ጥሪያቸውን ካዱ? አልካዱም። አብረው ጸለዩ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱ ስፍራ ተሰጠው። ያለ ላኪ ተላኪ የለም። ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የሄደው ሰው ሲታመም የሚደርስለት ሰው ከሌለ ሚስዮናዊ በመጀመሪያው ክረምት ይመለሳል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ልባችሁ ሲነካ "እሄዳለሁ" የሚለው መልስ ብቻ ይጠበቅብኛል ብላችሁ አታስቡ። ምናልባት ድርሻችሁ መላክ ይሆናል፤ እሱም ዕድሜ ልክ የሚጠይቅ አገልግሎት ነው።

ታዲያ የኔ ጥሪ የትኛው ነው? እንዴት ልለየው? ራሳችሁን በእውነት የምትመረምሩባቸውን አራት ጥያቄዎች ላቅርብላችሁ።

የመጀመሪያው፦ ከምን እየሸሸሁ ነው? ይህ ጥያቄ ያማል፤ ግን ራሳችሁን ጠይቁ። ውጤታችሁ ተበላሽቶ ዲፓርትመንቱን ከጠላችሁት፣ ከምረቃ በኋላ ሥራ ማጣትን ከፈራችሁ፣ ከቤተሰብ ጋር ከተጋጫችሁ፣ የሩቅ አገር አገልግሎት መውጫ በር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ከችግር የሚሸሽ ሰው ችግሩን ተሸክሞ ይሄዳል። መጀመሪያ ያን ኮርስ ውሰዱና እለፉ፤ ከአባታችሁ ጋር ታረቁ። ሸክሙ ከዚያ በኋላም ካለ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ሁለተኛው፦ የሚያውቁኝ ሰዎች ምን ይላሉ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 በርናባስና ሳውል የተላኩት የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በጾምና በጸሎት ላይ ሳለች ነው። እጅ ጭና የላከቻቸው ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት። ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ጌታ ራሱ ተገልጦለት ነበር፤ ሆኖም ዓመታት ቆየ፤ ከጠርሴስ ፈልጎ ያመጣው በርናባስ ነው። እንዲያ ያለ መገለጥ ያየ ሰው የጉባኤን ምክርና ስምምነት ካላለፈ እኛማ እንዴት እናልፋለን? መጋቢያችሁን፣ የኅብረት መሪያችሁን፣ ባሕርያችሁን በቅርብ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። "እርግጥ ነው፣ እኛም አይተንብሃል" ካሏችሁ መልካም። "ገና ነህ" ካሏችሁ ደግሞ ምን እንደጎደላችሁ ጠይቁና ጻፉት።

ሦስተኛው፦ እዚህ ምን እየሠራሁ ነው? ባሕር ማዶ ስለተሻገረ ብቻ የሚለወጥ ሰው የለም። የኢትዮጵያ ካምፓስ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። በአንድ ዶርም ውስጥ ከአፋር፣ ከጋምቤላ፣ ከሶማሌ፣ ከሲዳማ የመጡ ልጆች አብረው ያድራሉ። ሌላ ሕዝብ ጋ ልሂድ የምትል ተማሪ ፎቅ አልጋዋ ላይ የምትተኛውን ልጅ ቋንቋ ሰላምታ እንኳ ካልተማረች፣ እናቷ ስለሞቱባት ልጅ ካልሰማች፣ ነገ በማታውቀው አገር ምን ታደርጋለች? ከዛሬ ጀምራችሁ ከዶርም ጓደኛችሁ በቀን አንድ ሁለት ቃል ተማሩ። የሚበሉትን፣ የሚያዝኑበትን፣ የሚያፍሩበትን እወቁ። ፍቅራችሁም ቅድመ ሁኔታ አይኑረው፤ የፈተና ጥያቄ ስታስረዱት፣ ሲታመም ክሊኒክ ስትወስዱት፣ እምነቱን ይለውጥ አይለውጥ ወዳጅነታችሁ አይቀንስ። በርዳታና በውለታ ሰውን ማባበል ወንጌልን ያረክሳል።

አራተኛው፦ ጊዜ ሲያልፍ ምን ይሆናል? በኮንፈረንስ ማግሥት እሄዳለሁ የማይል ሰው የለም። ከአንድ ሴሚስተር በኋላ፣ ፈተና ሲደራረብ፣ ጓደኞች ስለ ደመወዝ ሲያወሩ ሸክሙ አሁንም አለ? በየጊዜው ስትጸልዩ የምትጽፉበት ደብተር ይኑራችሁ። ስሜት ይበርዳል፤ ጥሪ እያደር ይጠራል።

አሁን ወደ ርእሳችን ጥያቄ ልመለስ። ልሂድ ወይስ ትምህርቴን ልጨርስ? መልሴ ግልጽ ነው፤ ጨርሱ። "ጴጥሮስ መረቡን ጥሎ ሄደ እኮ" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጣለ። ነገር ግን መረቡን ጥሎ የተከተለው መምህሩን ነው፤ ወደ ዓለም ሁሉ የተላከው ዓመታት አብሮት ውሎ ከተማረ በኋላ ነው።

ትምህርታችሁ ራሱ የመሄጃ መንገድ ሊሆን ይችላል። በዛሬው ዓለም ብዙ አገሮች ሚስዮናዊ ነኝ ለሚል ቪዛ አይሰጡም፤ ነርስ፣ የውኃ መሐንዲስ፣ መምህር፣ የእንስሳት ሐኪም ግን ይፈልጋሉ። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነበር ያገለገለው። ይህን ስል ሙያን መሸፈኛ አድርጉት ማለቴ አይደለም። ነርስ ሆናችሁ ከሄዳችሁ የታመነች፣ ሰዓት የምታከብር፣ በሽተኛን የምትወድ ነርስ ሁኑ። ሥራው ሐሰት ከሆነ ምስክርነቱም አይታመንም። የምትሄዱበትንም አገር ሕግ አስቀድማችሁ እወቁ።

ሌላው የወጪ መጋራት ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የፈረማችሁት ውል አለ። ትምህርት አቋርጣችሁ ያለ ማስረጃና ከነዕዳ ብትወጡ ሸክሙ ቤተሰብ ላይ ይወድቃል። ቃልን መጠበቅም ክርስቲያናዊ ምግባር ነው። የትዳር ነገርም አለ፤ ከልባችሁ ሸክም ጋር መንገዷ ወይም መንገዱ ከማይገጥም ሰው ጋር ከመተጫጨት በፊት ነገሩን ዘርግታችሁ ተነጋገሩበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወላጆች፣ አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው። በሬ ሸጣችሁ፣ ዕቁብ ገብታችሁ፣ ከአፋችሁ ቀንሳችሁ ልጅ አስተምራችኋል። ልጁ አንድ ቀን ደውሎ "አባዬ፣ ጠረፍ ሄጄ ላገለግል ነው" ሲላችሁ ብትደነግጡ አይፈረድባችሁም። ይጦረናል ብላችሁ ተስፋ ያደረጋችሁት ልጅ ነው። ብቻ በመጀመሪያው ስልክ አትርገሙት፣ አታባርሩት። ጠይቁት፤ ማን ይልክሃል? በምን ትኖራለህ? ትምህርትህስ? ብትታመም ማን አለ? እነዚህ የፍቅር ጥያቄዎች ናቸው፤ ልጃችሁንም ያበስሉታል። መልስ ከሌለው እንዲያዘጋጅ ጊዜ ስጡት።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በየኮንፈረንሱ "ማን ይሄዳል?" ብላችሁ ስትጠሩ ወጣቶች እያለቀሱ ይነሣሉ። ሰኞ ዕለት ግን ብዙዎቹን የሚፈልጋቸው የለም። ጠርታችሁ ከተዋችኋቸው ግማሹ በስሜት ወጥቶ ይጎዳል፤ ግማሹ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። የተነሡትን ስማቸውን መዝግቡ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አማካሪ መድቡ፤ በክረምት ዕረፍት ከአንድ ልምድ ያለው ወንጌላዊ ጋር ለአንድ ወር እንዲኖሩ ላኳቸው። የሚስዮን ሥራ ምን ያህል ሙቀት፣ ብቸኝነትና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ በዚያ አንድ ወር ያዩታል። ተመልሰው "አሁንም እሄዳለሁ" ካሉ ላኩ፤ ስትልኩም ደመወዙን፣ ሕክምናውን፣ የሚጎበኘውን ሰው አብራችሁ አስቡ።

ተማሪዎች፣ የዛሬውን በዚህ ልቋጭ። ልባችሁ ውስጥ የገባውን ሸክም አትናቁት፣ አትፍሩትም። በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉልኝ። አንደኛ፣ የምታምኑትን አንድ ትልቅ ሰው ፈልጋችሁ ሁሉንም ሳትደብቁ ንገሩት፤ እንዲጸልይላችሁና እንዲከታተላችሁ ለምኑት። ሁለተኛ፣ ከዶርም ጓደኞቻችሁ ቋንቋውን የማታውቁትን አንዱን መርጣችሁ ሰላምታውን ተማሩ። ሬጅስትራር ለመሄድ አትቸኩሉ። ትምህርታችሁን በትጋት ጨርሱ፤ የሰለጠነና የተፈተነ ሰው ሆናችሁ ውጡ። የጠራችሁ ጌታ ታማኝ ነው፤ የዝግጅት ዓመታታችሁንም ይጠቀምባቸዋል።